እጃችሁን ከነጠላው አውጡ

ይህን የምጽፈው ዋሺንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚኖሩ፣ ጎልማሳ ልጃቸው በጽኑ የአእምሮ ሕመም ለተያዘባቸው ወላጆች ነው። በዚህ መንገድ አልፈናል። የቤታችንን ታሪክ ግን አልተርክም፤ የልጅ ገበና የወላጅ ብቻ አይደለም። የምነግራችሁ እኛም፣ አብረውን በየሆስፒታሉ ኮሪደር ያደሩ ቤተሰቦችም የት የት እንደተሳሳትንና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዝምታ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ወይም ሥራ ይዞ፣ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ደረሰልን» በሚልበት ዕድሜ ነው። ሌሊቱን መንቃት፣ ቀኑን መተኛት ይቀድማል። ከዚያ ቤዝመንት ገብቶ መቅረት፣ መስኮቱን በፎይል መሸፈን፣ እናቱ የሠራችውን ወጥ ትቶ የታሸገ ነገር ብቻ መብላት ይከተላል። እኛ ደግሞ «ሰው አስደግሞበት ነው»፣ «ሐሺሽ ነው፣ ይተወዋል»፣ «አሜሪካ አበላሸው» እንላለን። (ሐሺሹ በእርግጥ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ያባብሳልም፤ ግን እሱን ቢያቆም ብቻ ይድናል ብሎ መጠበቅ ዓመታት ያስበላል።) በማኅበርና በእቁብ «ደህና ነው፣ ትምህርት በዝቶበት ነው» እያልን እንሸፍናለን። በዚህ መሀል ሕመሙን ከቤተሰብ ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ይሆናል።

ያ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሪችመንድ ከተማ ማርከስ ዴቪድ ፒተርስ የተባለ የ24 ዓመት የባዮሎጂ መምህር አእምሮው ታውኮ ራቁቱን መንገድ ላይ ሳለ በፖሊስ ጥይት ሞተ፤ እጁ ላይ ምንም አልነበረም። በ2023 ከኬንያ በልጅነቱ መጥቶ ቨርጂኒያ ያደገው የ28 ዓመቱ ኢርቮ ኦቲየኖ እጅና እግሩ እንደታሰረ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ሰው ተጭኖት ሕይወቱ አለፈ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም በ2019 ባት ያም ውስጥ የ24 ዓመቱን የሁዳ ቢያድጋን በፖሊስ ጥይት አጥተዋል፤ እሱም የአእምሮ ሕመም ነበረበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ ወጥተውለታል። ስለዚህ ፖሊስ ከመጥራታችን በፊት የሚያንኳኩ ሌሎች በሮችን ማወቅ አለብን፤ መጥራት ግድ ሲሆን ደግሞ አጠራሩን።

ከልጁ ጋር በሚደረገው ንግግር ልጀምር፣ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነውና። «አልታመምኩም» ሲል ግትርነት ይመስለናል። ይህ ራሱ የሕመሙ ክፍል ነው፤ አእምሮው መታመሙን ማየት አልቻለም። «ምንም ድምፅ የለም! ማንም አይከታተልህም!» ብሎ መሟገት የሚያተርፈው ነገር ቢኖር እናንተንም ከጠላት ወገን መመደብ ነው። እሱ ራሱ የሚያምንበትን ችግር ያዙ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣቱን ያምናል። «ሦስት ሌሊት አልተኛህም፣ ሰውነትህ ደክሟል፣ ለእንቅልፉ ሐኪም እንይ» የሚለው «አብደሃልና ሐኪም ቤት እንሂድ» ከሚለው ይልቅ በር ይከፍታል። የእንቅልፉን ነገር በደብተር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ። ሕመሙ ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ማጣት ነው የሚጀምረው፤ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ለሐኪም የደወለ ቤተሰብ አምስተኛው ላይ ፖሊስ ላይጠራ ይችላል።

ቀጥሎ፣ ቤት ሰላም በሆነበት ቀን፣ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። በእንግሊዝኛ፣ በታይፕ፣ አንድ ገጽ ብቻ፤ ሁለት ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም። ስሙና የትውልድ ቀኑ፣ የሕመሙ ስም፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነሚሊግራሙ፣ የማይስማማው መድኃኒት (ለምሳሌ አንዱ መርፌ አንገቱን ካጣመመው ወይም ዓይኑን ወደ ላይ ከሰቀለው እሱ የግድ ይጻፍ)፣ የሐኪሙና የኬዝ ማኔጀሩ ስልክ፣ ኢንሹራንሱ። ከታች ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ምን ያስደነግጠዋል፣ ምን ያረጋጋዋል። «ከኋላው አትምጡ፤ ሲጮሁበት ይሸሻል፤ ውኃ ሲሰጡት ይቀመጣል» ዓይነት። አንዱን ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፣ አንዱን መኪና ውስጥ አኑሩ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። መድኃኒት በተለወጠ ቁጥር ቀኑን እየጻፋችሁ አድሱት። ያለፈው ዓመት ወረቀት የሐኪሙን እጅ ሊያሳስት ይችላል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለላችሁ። በማርከስ ስም በ2020 የወጣው ሕግ ለአእምሮ ጤና ጥሪዎች ባለሙያ የሚላክበትን ሥርዓት ከመዘርጋቱ ሌላ፣ 911 ስልክ የሚቀበሉት ሰዎች የሚያዩት የፈቃደኞች መዝገብ እንዲኖር አዟል። ልጁ 18 ዓመት ካለፈው የሚመዘገበው ራሱ ፈቅዶ ነው፤ ስለዚህ ደህና በሆነበት ሳምንት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ሙሉት።

አሁን ቀውሱ መጣ እንበል። መሣሪያ ካልያዘ፣ ማንንም ካልመታ፣ ራሱን ካልጎዳ የመጀመሪያው ስልክ 988 ነው። ይህ መስመር በመላው አሜሪካ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ይሠራል፤ አስተርጓሚም ያቀርባል። ሲያነሱ በቅድሚያ «አማርኛ» የሚለውን በእነሱ አጠራር «አምሃሪክ» በሉ። «ኢትዮጵያን» ብትሉ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሊመጣላችሁ ይችላል። ከዚያ ያላችሁበትን ካውንቲና ስቴት ተናገሩ፤ ስልካችሁ የሌላ ስቴት ኮድ ካለው ጥሪው ወደዚያ የሚሄድበት ጊዜ አለ። «ሞባይል ክራይሲስ ቲም» ይላክልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለ መለዮ በመኪና ቤት ድረስ የሚመጡ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሮክቪል ውስጥ 24 ሰዓት የሚሠራ የቀውስ ማዕከል አለው፣ ስልኩ 240-777-4000፤ ያለ ቀጠሮ መሄድም ይቻላል። ፌርፋክስ ያላችሁ ሜሪፊልድ ያለውን የቀውስ ማዕከል ዛሬውኑ በመኪና ሄዳችሁ መግቢያውን እዩት፤ በቀውስ ሌሊት ፓርኪንግ መፈለግ ሌላ መከራ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባለሙያዎቹ ለመድረስ ሰዓታት ሊፈጅባቸው ይችላል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ሌሊት የሚደወለው።

ቢላ ከጨበጠ፣ ከመታ፣ ራሱን ላጥፋ ብሎ ከተነሣ 911 ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ጠላታችን ይሆናል። በአማርኛ «ገደለኝ» ቀላል ቃል ነው። እናት ልጇ የመኪና ቁልፍ ቢጥልባት እንኳ «ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው» ትላለች። አስተርጓሚው ቃል በቃል ይመልሰዋል፤ ስልክ ተቀባዩ «እናቱን ሊገድል እየዛተ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ፖሊሱ ይህንኑ መኪናው ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ላይ አንብቦ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ይመጣል። «ቢላ»ም እንደዚያው ነው። «ኩሽና ውስጥ ቢላ አለ» እና «ቢላ ይዟል» በሰማይና በምድር ይራራቃሉ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። መሣሪያ ካለ አትደብቁ፣ ምን እንደሆነና የት እንዳለ ግለጹ፤ ከሌለ ደግሞ እንደሌለ ደጋግማችሁ አስረዱ።

እንግሊዝኛ ለሚቸግራችሁ እነዚህን አጥኗቸው፤ ወረቀቱ ራስጌም ጻፏቸው፦ «ማይ ሰን ሃዝ ኤ ሜንታል ኢልነስ»፣ «ሂ ሃዝ ኖ ዌፐን»፣ «ሲ-አይ-ቲ ኦፊሰር፣ ፕሊዝ»። ሲ-አይ-ቲ በ1988 ሜምፊስ ላይ የተጀመረ፣ ፖሊሶች ለ40 ሰዓት ያህል የአእምሮ ሕሙማንን አያያዝ የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም ነው። የሠለጠነ ሰው በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ግን መጠየቃችሁ ተጽፎ ይቀራል። ሳይረን ሳያሰሙ እንዲመጡም ጠይቁ። ስልኩን አትዝጉ።

እስኪደርሱ ድረስ ያሉትን ደቂቃዎች ለልቅሶ አታውሉ። የበረንዳውን መብራት አብሩ፣ ውሻ ካለ ክፍል ውስጥ ዝጉበት፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ትንንሾቹን ጎረቤት ስደዱ። የ12 ዓመት እኅቱን አስተርጓሚ አታድርጓት። ያን ሌሊት የተረጎመችው ቃል ዕድሜ ልኳን ይከተላታል፣ ደግሞም ታዳላለች ወይም ትሳሳታለች። ፖሊሱን የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ውጪ፣ ብርሃን ላይ።

እዚህ ላይ ነው ርእሱ የመጣው። እናቶቻችን ሲደነግጡ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው እጃቸውን ከሥሩ ይከታሉ። ለእኛ የሐዘን አቋቋም ነው። ፖሊሱ የሚያየው ግን እጇን ጨርቅ ውስጥ የደበቀች ሴት ወደ እሱ ስትመጣ ነው። እጃችሁን አውጡ፣ መዳፋችሁ ይታይ፣ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ያዙት፤ ከጋቢ ወይም ከኪስ ውስጥ በድንገት ምንም አታውጡ። አባቶች ደግሞ «እግርህ ሥር ወድቄያለሁ» ማለት ይቀናናል። ጎንበስ ብሎ ወደ ፖሊስ ጉልበት መሄድ እዚህ አገር ልመና አይደለም፣ የሽጉጡ መያዣ እዚያው አጠገብ ነው። ክንዱን መያዝ፣ በልጁና በእሱ መካከል መግባት፣ ልጁን ከኋላ አቅፎ ማስቀረት፣ ሦስቱም አደገኛ ናቸው።

ሌላው የቋንቋ ወጥመድ ጩኸት ነው። ፖሊሱ በእንግሊዝኛ «ቁጭ በል» ይላል፣ አባት በአማርኛ «ተው! አትንቀሳቀስ!» ይላል፣ እናት «ወየው» ትላለች። ቀድሞውንም ድምፅ በዝቶበት ያለ ጭንቅላት ከዚህ መሀል የትኛውን ይስማ? አንድ ድምፅ ብቻ ይኑር። ልጁ ለአማርኛ የሚረጋጋ ከሆነ ለፖሊሱ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «በቋንቋችን ቁጭ እንዲል ልነግረው ነው»። ከዚያ ዝግ ብላችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ካቴና ካደረጉለት፣ ሕመምተኛንም ሲያጓጉዙ ብዙ ጊዜ ያደርጋሉ፣ «ወደ ሐኪም ነው የምትሄደው፣ እኔም ከኋላ እመጣለሁ» በሉት። የት ሆስፒታል እንደሚወስዱት ሳትጠይቁ መኪናው አይንቀሳቀስ፤ የፖሊሱን ስምና የጉዳዩን ቁጥርም ያዙ።

ፖሊስ ሳይጠራ፣ ልጁም እንቢ ብሎ ሲከፋ ሌላ መንገድ አለ፤ ብዙዎቻችን የሰማነው ዘግይተን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ማንኛውም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማጅስትሬት (ትእዛዝ የሚያወጣ የፍርድ ቤት ሹም) ዘንድ ሄዶ ኢ-ሲ-ኦ የሚባለውን የአስቸኳይ ጥበቃ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል፤ ሌሊትም ይሠራሉ። ትእዛዙ ልጁን ለ8 ሰዓት ይዞ በካውንቲው ባለሙያ ለማስመርመር ነው። ባለሙያው ካመነበት ቲ-ዲ-ኦ የሚባለው ጊዜያዊ የማቆያ ትእዛዝ ይወጣል፤ እስከ 72 ሰዓት ሆስፒታል ያቆየዋል፣ ቅዳሜና እሑድ ከገባበት እስከ ሥራ ቀን ይረዝማል፣ ከዚያ ችሎት ይቀርባል። አልጋ ጠፍቶ የሚለቀቅበት ዘመን ነበር። በ2013 የስቴቱ ሴናተር የክሪ ዲድስ ልጅ አልጋ አልተገኘም ተብሎ ወደ ቤት ተመልሶ በማግስቱ አባቱን በስለት ወግቶ ራሱን አጠፋ። ሕጉ በዓመቱ ተሻሻለ፤ ሌላ ቦታ ካልተገኘ የመንግሥት ሆስፒታል እንዲቀበል ያዛል። ቢሆንም ኢመርጀንሲ ኮሪደር ላይ ረጅም ሰዓት መጠበቅ ዛሬም አልቀረም፤ ቻርጀርና ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ።

ሜሪላንድ ማመልከቻው ኢመርጀንሲ ፔቲሽን ይባላል፤ ዲስትሪክት ኮርት ይገባል፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ኮሚሽነሩ ዘንድ። ዳኛው ከፈረመ ለ5 ቀን ይጸናል፤ ልጁ በእነዚያ ቀናት ካልተገኘ እንደገና ማመልከት ነው። ሆስፒታል ከደረሰ በ6 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ያየዋል፣ ለምርመራው ከ30 ሰዓት በላይ ሊይዙት አይችሉም። ያለ ፈቃዱ እንዲተኛ ከተወሰነ በ10 ቀን ውስጥ ችሎት አለው።

ሁለቱም ጋ ማመልከቻውን የሚጥለው አጻጻፉ ነው። «ልጄ ታሟል፣ አመሉ ተበላሽቷል፣ እባካችሁ እርዱን» ብሎ የጻፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዳኛው የሚፈልገው ቀን፣ ድርጊትና አደጋ ነው፦ «ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ምድጃውን ለኩሶ ፎጣ ጣለበት፤ ረቡዕ 'ካልሞትኩ አያርፉም' አለ፤ ለ4 ቀን እህል አልቀመሰም፣ መድኃኒቱን ካቆመ 3 ሳምንት ሆነው»። የእንቅልፍ ደብተሩ እዚህ ይጠቅማል። ሰዓቱን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ የእኛ ከሌሊቱ 9 የእነሱ ከሌሊቱ 3 መሆኑን አትርሱ፤ በዚህ ምክንያት ምስክርነቱ እርስ በርሱ የተጋጨበት ቤተሰብ አለ።

ሆስፒታል ስትደርሱ «18 ዓመት ስላለፈው ምንም ልንነግራችሁ አንችልም» ይሏችኋል። ይሁን። ሕጉ የከለከለው ሐኪሙ ያለ ልጁ ፈቃድ እንዳይነግራችሁ እንጂ እንዳይሰማችሁ አይደለም። «ምንም እንዳትነግሩኝ፤ እኔ ግን የምነግራችሁ አለኝ» ብላችሁ ወረቀቱን ስጡ፤ ካልተቀበሉ ለነርሷ፣ ለሶሻል ወርከሯ፣ በፋክስም ቢሆን ላኩ። ልጆቻችን ሐኪም ፊት ለ20 ደቂቃ ጨዋ መሆን ያውቁበታል፤ አንገት ደፋ አድርጎ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ተጨንቄ ነው» ያለ ልጅ በማግስቱ ይለቀቃል። ቨርጂኒያ ላይ በኢርቮ ስም በ2024 የወጣ ሕግ የቤተሰብ ሰው ኢመርጀንሲ ውስጥ አብሮ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል፤ በስሙ ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ልጁ ፖሊስ ከመታ ወይም ከገፋ ነገሩ ይከብዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስን መምታት ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ነው፣ ቢያንስ የ6 ወር እስር ያስከትላል። ልጁ ዜጋ ካልሆነ ግሪን ካርዱም አደጋ ላይ ነው። «ጥፋተኛ ነኝ በልና ዛሬ ትወጣለህ» የሚል ምክር ከመጣ ቁሙ። መንግሥት የሚመድብለት ተከላካይ ጠበቃም ቢሆን የስደት ሁኔታውን ጠይቆ ስለ ዲፖርቴሽን የመምከር ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኖታል። የሕክምና ማስረጃ አቅርባችሁ የአእምሮ ጤና ዶኬት (የሕሙማንን ጉዳይ ለይቶ የሚያይ ችሎት) ያለበት ፍርድ ቤት መሆኑን ጠይቁ።

ሲወጣ ሦስት ነገር ሳይጨበጥ በሩን አትለፉ፦ በ7 ቀን ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ፣ በእጅ የገባ መድኃኒት (ወረቀቱን ብቻ አይደለም፣ ኢንሹራንስ ሊመልሰው ይችላል)፣ መርፌ ከሆነም የሚቀጥለው መርፌ ቀን። ክኒን ለሚደብቅ ልጅ መርፌው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በወር፣ ከዚያ በ3 ወር፣ አንዳንዱም በ6 ወር አንዴ የሚወጋ አለ። ልጁ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጅ ኢንሹራንስ መቆየት ይችላል።

ሐኪሞቹ የማይጠይቋችሁ የእኛው ጉዳይ ጾም ነው። ዚፕራሲዶን የሚባለው መድኃኒት ቢያንስ 500 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም፤ ሉራሲዶን ደግሞ 350 ይፈልጋል። አንድ ስኒ ሻይና ቁራሽ ዳቦ ይህን አይሞላም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠዋት በባዶ ሆዱ እየዋጠ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ራት ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ሊትየም የሚወስድ ልጅ ውኃ መጾም የለበትም። ውኃ ሲያጥር መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስቀመጠው፣ ከተንገዳገደ ኢመርጀንሲ ነው። አድቪልም ያንኑ ያደርጋል። ሲጋራም አለ፦ ሆስፒታል ሳያጨስ የተስተካከለለት የኦላንዛፒን ወይም የክሎዛፒን መጠን ቤት መጥቶ ማጨስ ሲጀምር ያንሰዋል። «ሆስፒታል ደህና ነበር፣ ቤት ሲመጣ ዓይን በላው» ከማለታችሁ በፊት ፓኮውን ቁጠሩ።

ጸበል ውሰዱት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን መድኃኒቱን አስጥላችሁ አትውሰዱ። አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ንስሐ አባታችሁን በዚሁ ጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ያግዟችኋል። አገር ቤት የምትወስዱት ከሆነ ለሙሉ ቆይታው የሚበቃ መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ እዚያ ያለው ዓይነት የተለየ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ወረቀት ልጁ ራሱ የሚጽፈው ነው። ደህና በሆነበት ወቅት በሕግ የሚጸና ኑዛዜ መሰል ሰነድ፣ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ይሉታል፣ መፈረም ይችላል፦ እንደገና ብታመም የትኛው መድኃኒት ይሰጠኝ፣ የትኛው አይሰጠኝ፣ ማን ይወስንልኝ፣ ማን ይጠራልኝ። ሲጽፍ ከአጠገቡ ተነሡ። ምናልባት የሚጽፈው የአጎቱን ወይም የጓደኛውን ስም ይሆናል፣ ምናልባትም «እናቴ ክፍሉ ውስጥ አትሁን» ይላል። ፈርሙለት፣ ፎቶ ኮፒውንም ፍሪጁ ላይ ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን ለጥፉት።